የዛጎሉ መስመር

ልጅ ከአባቱ ሊታረቅ መንገድ ሲጀምር «አትምጣ» የምትል እናት ምን ዓይነት እናት ናት?

ይህን ጥያቄ ሩዝ ስለቅም፣ ውዱእ ሳደርግ፣ ጋደም ስል ራሴን ስጠይቅ ከርሜአለሁ። መልሱን እስካሁን አላገኘሁትም። ይህን የምታነቡ እናቶችና አያቶች፣ እናንተ ካገኛችሁት ለእኔም ንገሩኝ። እስከዚያው ግን አረፋ እየቀረበ ነው፤ በሽታውም ከመካከላችን ገና አልወጣም። ስለዚህ ባለፈው ኢድ በቤታችን የሆነውን ልጽፍላችሁ ተነሣሁ። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነውና አጻጻፌ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ።

ስሜ ያንዴ ነው። ባለቤቴ ላቲር ይባላል። ፉንጁኝ በምትባለው ከተማችን፣ ወንዙና ባሕሩ በሚቀላቀሉበት ዳርቻ፣ ጀልባ ሲሠራ ያረጀ ሰው ነው። የጣውላው ብናኝ ደረቱን በልቶታል። ሲተኛ ትንፋሹ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል። ድምፁ ድንገት ካቆመ እነቃለሁ፤ ጎኑን ጎሸም አደርገዋለሁ፤ እሱም «ገና አልሞትኩም፣ ተኚ» ይለኛል። እንዲህ ሆነን ነው የምንኖረው።

በእኛ ዘንድ ኢድ ማለት ዶሮውና አዲሱ ልብስ ብቻ አይደለም። ኢድ ማለት አፉ መባባል ነው። ከሰላት መልስ ሰው ሁሉ ከቤት ቤት ይዞራል። ታናሽ ወደ ታላቅ ሄዶ ይንበረከካል፤ የታላቁን ቀኝ እጅ በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩ ላይ ያደርጋል፤ «በድዬህ እንደሆነ አፉ በለኝ» ይላል። ታላቁም «አፉ ብዬሃለሁ፤ አንተም አፉ በለኝ፤ አላህ ሁላችንንም አፉ ይበለን» ብሎ ይመልሳል። ዓመት ሙሉ የተኳረፈ ጎረቤት በዚያች ቅጽበት ይታረቃል። እጅ ካልተያዘ ግን ማንም አፉታውን ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

ላቲር የሰፈራችን ታላቅ ስለሆነ የሱ እጅ በኢድ ቀን እረፍት አያውቅም። የአመልካች ጣቱ ጫፍ በመጥረቢያ የተቆረጠ፣ መዳፉ እንደ ዛፍ ቅርፊት የሻከረ እጅ ነው። ዓሣ ሻጮቹም፣ አስተማሪዎቹም፣ ኢማሙም ሳይቀሩ ይይዙታል። ያን እጅ ሳይዝ ኢድ በላዩ ላይ ያለፈበት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የመጨረሻ ልጄ ዲዬጋን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ላቲር አንድ ትልቅ ጀልባ ሠርቶ ለዓሣ ማጥመጃ ነው ላሉት ሰዎች ሸጠ። ሰዎቹ ግን ወጣቶችን አሳፍረው ወደ ስፔን ደሴቶች ተነሡበት። ጀልባው አልተመለሰም። ከተሳፈሩት አንዱ የዲዬጋን የልብ ጓደኛ ነበር። ዲዬጋን ያኔ ከአባቱ ጋር ነበር የሚሠራው። ወሬው በደረሰ ዕለት መጥረቢያውን መሬት ላይ ወርውሮ፣ በሰው ፊት፣ «እሱን የቀበረው ይህ እጅህ ነው» አለው። ላቲር አልተቆጣም። እጁን አየ፤ ገለበጠው፤ ደግሞ አየው። ከዚያም «እንግዲያው ይህን እጅ ዳግመኛ እንዳትነካው» አለ። ልጄ በማግስቱ ዳካር ገባ። እዚያ ታክሲ ይነዳል። ከእኔ ጋር በስልክ ይነጋገራል፤ አባቱን ግን «ደህና ነው?» ከማለት ሌላ አያነሣም። አባቱም ስልኩ ሲጠራ የሆነ ሥራ ትዝ ይለዋል፤ ግን ድምፃችን ከሚሰማበት አይርቅም።

እንዲህ ባለ ጊዜ ነው ኮሮና የገባው። መጀመሪያ በአውሮፕላን የሚሄዱ ሰዎች በሽታ መስሎን ነበር። ቀጥሎ መስጊዱ ተዘጋ፤ ከክልል ክልል የሚወስደው መንገድ ተዘጋ። ሬድዮው ጠዋት ማታ እጃችሁን ታጠቡ፣ ተራራቁ፣ ትኩሳት ያለው፣ ያሳለው፣ ሽታና ጣዕም የጠፋበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ ይላል። እኛም እንሰማለን። መስማትና መፍራት ግን ለየቅል ናቸው።

ፍርሃቱ ከግድግዳችን ወዲያ መጣ። ጎረቤታችን አባ ቢራን የላቲር የልጅነት ጓደኛ ነበር። በረመዳን አጋማሽ ሴት ልጁ ከዳካር በውሃ መንገድ ቴምር ተሸክማ መጣች፤ አባቷን ልታስፈጥር። እንደ ወጋችን አንድ ትልቅ ሳህን መሃል ላይ ቀረበ፤ ቤተሰቡም ዙሪያውን ተቀምጦ በእጁ በላ። እሷ ዓሣውን ከእሾሁ እየለየች በጣቷ ወደ አባቷ ጥግ ትገፋለት ነበር። የምትወደው አባቷ ነው፤ ሌላ ምን ታድርግ? ብዙም ሳይቆይ አባ ቢራን ትንፋሽ አጠረው። ወደ ትልቁ ሆስፒታል ወሰዱት፤ በእግሩ አልተመለሰም። አስከሬኑን የማናውቃቸው፣ ከራስ እስከ እግራቸው ነጭ የለበሱ ሰዎች ቀበሩት። ላቲር ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ በግድግዳው ላይ አንገቱን አስግጎ፣ የጓደኛውን ጀናዛ ከሩቅ አየ።

ልጅቷ ዛሬም ቴምር በአፏ አይዞርም። ከጀርባዋ «አባቷን የጨረሰች» የሚሉ አሉ። እኔ እንዲህ አልልም። እሷ ያቀረበችው ፍቅሯን ነው፤ በሽታው ነው በፍቅሯ ላይ ተሳፍሮ የገባው። ይህ በሽታ በጠላት እጅ አይመጣም። ጠላትማ መች አጠገባችን ይደርሳል?

ኢድ ሊገባ ሲል ዲዬጋን ደወለ።

«እማ፣ ለኢድ እመጣለሁ።»

«መንገዱ ዝግ ነው እኮ፣ ልጄ።»

«የተዘጋው አስፋልቱ ነው። ውሃውን ማን ይዘጋዋል? ከጂፌር ወደብ የዓሣ ጀልባ አገኛለሁ።»

«ምነው በስልክ ብታናግረው? እኔ ስልኩን ጆሮው ላይ እይዝለታለሁ።»

«እማ፣ እሱ 'እጄን እንዳትነካ' ነው ያለኝ። በስልክ የሚነካ እጅ አለ?»

ምን ልበለው? ሁለት ዓመት ሙሉ ለዚህች ቀን ዱዓ ሳደርግ የኖርኩ እኔ ነኝ። «ና» እንዳልል አፌ ፈራ፤ «አትምጣ» እንዳልል ሆዴ እምቢ አለ።

«ደህና ነህ ግን? አያስልህም?»

«ደህና ነኝ። አብሮኝ የሚያድረውን ልጅ ነው ትንሽ ያመመው። ወባ ነው መሰለኝ።»

«በዚህ ደረቅ ወቅት የምን ወባ ነው?»

«እማ፣ አንቺ ደግሞ ጭንቀት ስታጪ ከየትም ታመጪያለሽ» አለና ሳቀ። ስልኩ ተዘጋ። እኔ ግን ወባዋን ይዣት ቀረሁ።

በማግስቱ ቴኒንግ መጣች። ቴኒንግ የላቲር ታናሽ እህት ናት። በእኛ ዘንድ የባል እህት ሁለተኛ ባል ናት፤ ትስቅብሻለች፣ ታዝሻለች፣ አንቺም ትችያታለሽ። ገና ከበሩ ሳትገባ «ልጁ ይመጣል አሉ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ራሱ ነዋ። ከእናቱ ይልቅ አክስቱን ያምናል። የእናቱ ፊት ግን የመርዶ ፊት ሆኗል።»

«ቴኒንግ፣ የወንድምሽን ደረት ታውቂዋለሽ።»

«እኔን ስለ ደረቱ? በጀርባው አዝሎኝ ሲሮጥ ጆሮዬን ለጥፌ የማዳምጠው ደረት እኮ ነው። አንቺ ያኔ የት ነበርሽ?» መሃረቧን አውጥታ አንገቷን ጠረገች። «የሞት ቀን የተጻፈ ነው፣ ያንዴ። አላህ የጻፈውን አንቺ በሳሙና ታጥቢዋለሽ?»

«የተጻፈውን አላውቅም፤ አላነበብኩትም። ወንድምሽ ጀልባ ሲሠራ ግን በጣውላና በጣውላ መካከል ያለውን ክፍተት በጥጥና በሙጫ ይደፍናል። 'አላህ ካላለ አይሰምጥም' ብሎ ቀዳዳ ሲተው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ከዚያ ማራገቢያዬን ከእጄ ቀምታ ራሷን ማራገብ ጀመረች። «ስታገቢ እንዲህ ያለ ምላስ አልነበረሽም» አለች።

«ከአንቺ ነው የተማርኩት።»

«እሺ ይሁን። አፉታ ግን በእጅ ነው። እጅ ሳይያዝ የተባለ አፉታ ውዱእ እንደሌለው ሰላት ነው፤ ድካም ነው ትርፉ። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። በሽታውስ ይቅር፣ ወንድሜ እንዲሁ በደረቱ ነገ ቢሞትስ? ከልጁ እንደተቆራረጠ ቢሞት ጥፋቱ የማን ሊሆን ነው? የኮሮና ነው ትይ ይሆን?»

ይህ ንግግሯ ወጋኝ። ቴኒንግ ክፉ ሴት አይደለችም። ከአፏ የወጣው የኔው የራሴ ጭንቀት ነበር።

ለላቲርም ነገርኩት። «ይምጣ አይምጣ፣ እግሩ የራሱ ነው» ብሎ ፊቱን አዞረ። በኋላ ግን ከጓሮ ስመለስ እጁን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጦ አገኘሁት። በጥፍሮቹ ሥር የከረመውን የጀልባ ሙጫ በስንጥር እየፋቀ ያወጣል። ሲያየኝ «ለሰላት ነው» አለ። መስጊዱ ሊከፈት ነው ቢባልም እሱ በቤቱ እንደሚሰግድ ሁለታችንም እናውቃለን። ሞቅ ያለ ውሃ ጨምሬለት አለፍኩ። ዐይኔ ግን እንባ ሞልቶ ነበር።

ያኔ ቆረጥኩ። ልጁ ይመጣል፤ አባትየውም በሕይወት ይኖራል። ሁለቱንም የምይዝበት መላ መፈለግ አለብኝ አልኩ። የእኛ አገር ሴቶች ከወንዙ ጭቃ የምንለቅመው ዛጎል ሥጋው ከወጣለት በኋላ በየጓሮው ይከመራል። ከዚያ ክምር በቅርጫት እየዛቅሁ ግቢያችንን ከዳር እስከ ዳር ለሁለት የሚከፍል ወፍራም መስመር ሠራሁ። ከመስመሩ ወዲህ፣ የኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር፣ የላቲር ወንበር። ከመስመሩ ወዲያ፣ በበሩ በኩል፣ ውሃና ሳሙና። ኢድ ሊል የሚመጣ ሁሉ ከዛጎሉ ወዲያ ቆሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አፉ ይበል። ጎረቤቶቼን እየዞርኩ በየደጃቸው ነገርኳቸው። የሳቁ ነበሩ፤ እሺ ያሉ ግን ይበዙ ነበር፤ የአባ ቢራንን ግቢ ሁላችንም እናየዋለን። ቴኒንግ ብቻ መስመሩን በጫማዋ ጫፍ ነካ አድርጋ «ወንድሜን እንደ ዓሣ ልታጥሪው ነው እንዴ?» አለችኝ።

በኢድ ዋዜማ፣ ከአሱር በኋላ፣ ጀልባው መጣ። እኔ ወንዙ ዳር፣ ላቲር ጀልባ ይሠራበት በነበረው ዳስ ፊት ቆሜ ነበር። ዲዬጋን ከሩቅ አይቶኝ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ዘለለ። ከስቷል። እጆቹን ዘርግቶ ሲሮጥ መቅዘፊያ አንሥቼ በመካከላችን ዘረጋሁት።

«እማ፣ ልትመቺኝ ነው?»

«ልለካህ ነው። ከዚህ አትለፍ።»

መቅዘፊያውን አየው፤ እኔን አየኝ። ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም።

«ለእናቴም እንግዳ ሆንኩ ማለት ነው።»

«እንግዳማ ብትሆን ቤት አስገብቼህ ሻይ አፈላልህ ነበር። ልጄ ስለሆንክ ነው ዳስ የማሳድርህ» አልኩት። ያነጠፍኩለትን ምንጣፍ፣ ያስቀመጥኩለትን ውሃና ሳሙና አሳየሁት። ነገ ጭምብሉን አድርጎ፣ ከዛጎሉ ወዲያ ሆኖ አባቱን «አፉ በለኝ» እንዲለው ነገርኩት። ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ፣ ወለሉ ላይ የቀረውን የድሮ ፍቅፋቂ እንጨት በጣቱ ይቆሰቁስ ጀመር። ጥዬው ስሄድ የተሰማኝን እናንተ ታውቁታላችሁ።

የኢድ ጠዋት የማሽላ ገንፎ በእርጎ፣ በስኳርና በዘቢብ አድርጌ፣ ለብቻው ሳህን ይዤለት ሄድኩ። ሳህኑን አስቀምጬ ፈቀቅ አልኩ። እሱ ቁጭ ብሎ መብላት ጀመረ።

«እማ፣ አረጀሽ መሰለኝ። ስኳሩን ረሳሽው።»

ስኳሩን አልረሳሁትም። እንዲያውም ከሌላው ሳህን ይልቅ የሱን አብዝቼለት ነበር። ግን ዐይኔ ሌላ ነገር ላይ አርፎ ነበር።

ዲዬጋን የተደገፈው ቅርጫት የዬት ቅርጫት ነው። ዬት የምንለው ትልቁን የባሕር ቀንድ አውጣ ነው፤ ሥጋው መሬት ተቀብሮ እስኪበሰብስ ቆይቶ በፀሐይ ይደርቃል፤ ለወጥ ቅመም ነው። ወጥ ውስጥ ሲገባ ጣት ያስቆረጥማል። ጥሬው ግን መንገደኛውን መንገድ ያስቀይረዋል። ዲዬጋን ልጅ ሳለ ዬት ያሰጣሁ ቀን እራቱን ጎረቤት ሄዶ ነበር የሚበላው። ሲያድግም አፍንጫውን ይዞ ነበር በዳሱ በኩል የሚያልፈው። አሁን ያን ቅርጫት ተደግፎ ገንፎ ይበላል።

«ልጄ» አልኩት፤ «የተደገፍከው ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። መረብ ነው?»

«ክዳኑን አንሣው።»

አነሣው። ሽታው እኔ ያለሁበት ድረስ መጥቶ አፍንጫዬን መታኝ። እሱ ጎንበስ ብሎ አየ። አንዱን አንሥቶ አፍንጫው አጠገብ አደረገው።

«አሮጌ ነው፣ እማ። ሽታው ጠፍቷል።»

«ትናንት ነው ከመሬት ያወጣሁት።»

ዬቱን አፍንጫው ላይ አስጠግቶ ሳበ። ደግሞ ሳበ። የጠፋበትን ዕቃ በኪሱ ደጋግሞ እንደሚፈልግ ሰው ሆነ። ከዚያ ቀስ ብሎ ቅርጫቱ ውስጥ መለሰው፤ ክዳኑንም በጥንቃቄ ገጠመው።

«መቼ ጀመረህ?» አልኩት።

«ምንም አልጀመረኝም። ጀልባው ላይ ራሴን አሞኝ ነበር። ፀሐዩ ነው ብዬ...»

«አብሮህ የሚያድረው ልጅስ?»

አቀረቀረ። «መንገድ ላይ ሳለሁ ደወሉልኝ። ሆስፒታል ወስደውታል። ወባ አይደለም አሉ።»

«ምነው ታዲያ ሳትነግረኝ?»

«ብነግርሽ ታስገቢኝ ነበር?»

ይኸው ነው እንግዲህ። እሱ ቁጭ ብሎ፣ እኔ ቆሜ፣ መካከላችን የመቅዘፊያ ርዝመት። ሄጄ ባቅፈው፣ ልጅ ሳለ ሲያተኩሰው እንደማደርገው ግንባሩን በጉንጬ ብለካው እንዴት በወደድኩ።

«ጤና ጣቢያው ክፍት ነው» አልኩት፤ «አሁን ተነሥተህ ሂድ።»

«አባባን ሳላየው?»

«ዲዬጋን።»

«ከበሩ አልገባም፣ እማ። ጭምብሌን አደርጋለሁ። ከውጭ ሆኜ 'አፉ በለኝ' ልበለውና ልሂድ። እጁን አልጠይቅም። ድሮም እጁን አትንካ ብሎኛል እኮ።»

እሺ አልኩት። ፊት ፊት ሄድኩ፤ እሱ ከሩቅ ይከተለኛል።

እዚህ ላይ ትንሽ ላቁምና ማለት ያለብኝን ልበል። ከዚህ በኋላ ያለውን ከጻፍኩ ሌላ ነገር ለመጻፍ ዐቅም አይኖረኝም።

ልባችሁ እንዳይንጠለጠል፣ ዲዬጋን ታመመ፤ ክፉኛ ታመመ፤ ዳነም። ላቲር አልታመመም። ይህን ስጽፍ እንኳ ከጎኔ ተቀምጦ ሲጥ ሲጥ እያለ «ስለ እኔ ምን እየጻፍሽ ነው?» ይለኛል። አፉታውን የተባባሉት በስልክ ነው። ላቲር ስልክ መያዝ ስለማይችልበት ስልኩን ጆሮው ላይ የያዘችለት ቴኒንግ ነበረች። አባትና ልጅ ትንፋሽ ለትንፋሽ ተደማመጡ፤ ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጀመሩት። እኔም ቴኒንግን «እጅ የሌለበት አፉታ አይቆጠርም አላልሽም?» አልኳት። «ዝም በይ አንቺ» አለች እንባዋን በትከሻዋ እየጠረገች፤ «አላህ የሚሰማው ልብን ነው። ይልቅ ድምፁን ከፍ አድርጊልኝ፤ እኔም ልስማው።»

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደግሞ ለሁላችሁም ንገሪልኝ ያለችው ይህን ነው። ትኩሳት ያለው፣ ያሳለው፣ ምግቡ አፈር አፈር ያለው ሰው፣ ወይም ከታመመ ሰው ጋር ያደረ፣ የማንንም ደጅ ሳይረግጥ በቀጥታ ወደ እነሱ ይሂድ፤ በደጅ ቆሜ ልሰናበት ማለትም አያስፈልግም። በሽታን መደበቅ ነውርን እንደ መደበቅ አይደለም። ነውር ሲደበቅ ይቀመጣል፤ በሽታ ሲደበቅ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል።

አሁን አረፋ እየመጣ ነው። በጉ ይታረዳል፤ ሥጋውም ለጎረቤት መድረሱ አይቀርም፤ ይድረስም። ግን ደጅ አስቀምጣችሁ፣ ድምፅ አሰምታችሁ ተመለሱ። አንዱን ሳህን ዘንድሮ ለየብቻ ክፈሉት፤ ሳህን ስለተከፈለ ቤተሰብ አይከፈልም። በሩቅ አገር ያሉ ልጆቻችሁን «ቅሩ» በሏቸው። «ቅሩ» ማለት እንዴት እንደሚከብድ አውቀዋለሁ። ለሚቀጥለው ዓመት እጅ የምትይዙት ዘንድሮ እጃችሁን ስትሰበስቡ ነው። ይህን የምለው ከሁላችሁም በላይ የምፈራው እኔ ስለሆንኩ ነው።

እንግዲህ ወደ ግቢያችን ልመልሳችሁ።

ላቲር ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ በኒሙ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ቴኒንግ ከኋላው በርጩማ ላይ ሆና ታራግብለታለች። ጎረቤቶቻችን በየተራ ከዛጎሉ ወዲያ እየቆሙ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ እያደረጉ፣ «አፉ በለን» ሲሉ፣ እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አፉ ብያችኋለሁ» ሲል አርፍዷል። እኔ ስደርስ የመጨረሻዎቹ ወጥተው ግቢው ባዶ ሆኗል።

ዲዬጋን በሩ ላይ ቆመ። ጭምብሉ ፊቱን ቢሸፍነውም አባቱ በአቋቋሙ አወቀው። ቴኒንግ ማራገቧን አቆመች።

በእኛ ወግ ታላቅ ለታናሽ አይነሣም። ላቲር ግን የወንበሩን እጀታ ተደግፎ ተነሣ። ጀለቢያው በእግሩ ተጠላለፈ፤ ሰብሰብ አደረገው። ወደ በሩ መራመድ ጀመረ። «ላቲር፣ ከዚያ አትለፍ» ልል አፌን ስከፍት፣ ዛጎሉ በእግሩ ሥር ተንኮሻኮሸ። አልፎት መጣ።

«ዲዬጋን» አለ። ይህን ስም ሁለት ዓመት ሙሉ ከአፉ አልሰማሁትም ነበር። «እኔ ነኝ የበደልኩህ። ጀልባውን ለማን እንደሸጥኩ መጠየቅ ነበረብኝ። አፉ በለኝ፣ ልጄ።»

እጁንም ዘረጋ። ጣቱ የተቆረጠውን፣ ጥፍሩ የነጣውን እጅ።

«ያዘው እንጂ፣ አንተ ልጅ» አለች ቴኒንግ ከኋላ፣ በለስላሳ ድምፅ፤ «አባትህ እኮ ቆሞ ይጠብቅሃል።»

የልጄ ሁለት እጆች ተነሡ። ከጎኑ ተነሥተው ወገቡ ጋ ደረሱ። ከዚያም ዐይኑ ወደ እኔ ዞረ፤ ከእኔም ወደ አባቱ ደረት፣ ሲጥ ሲጥ ወደሚለው ደረት ዞረ። እጆቹን መለሳቸው። ወደ ኋላው ወሰዳቸውና አንዱን በአንዱ ጨምድዶ ያዘ፤ ጣቶቹ ደም እስኪሸሻቸው ድረስ። ግንባሩን ዝቅ አደረገ፤ የአባቱ እጅ ግንባሩ ላይ እንዳለ ያህል ዝቅ አድርጎ ቆየ። አንድ ነገር ሊናገር ሲል ጭምብሉ ወደ ውስጥ ተሳበ፤ ትንፋሹ ግን ተመልሶ አልወጣም። ትንፋሹን እንኳ አባቱ ላይ እንዳይደርስ ይዞ ወደ ኋላ ራቀ፤ ከበሩ ወጣ፤ ወደ ጤና ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ታጠፈ።

ላቲር እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ልጄም አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሄደ።